ዘጠኝ ቢሊዮን ዶላር ቃልና ሦስት መቶ ሺህ ሩፒ፦ የፓኪስታን የ2022 ጎርፍና የእርዳታው ሂሳብ

ጃንዋሪ 9 ቀን 2023 ጄኔቫ ውስጥ ትልቅ ስብሰባ ተካሄደ። የጠሩት የፓኪስታኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ሸህባዝ ሸሪፍና የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉቴሬዝ ነበሩ። ፓኪስታን ከውጭ የፈለገችው 8 ቢሊዮን ዶላር ነው። ስብሰባው ሲያልቅ ቃል የተገባው ከ9 ቢሊዮን በላይ ሆነ። ከተጠየቀው በላይ ተገኘ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አይታይም።

በዚያው ቀን ዩኒሴፍ ሌላ ዜና ይዞ ወጣ። እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱ ልጆች አሁንም ከተኛና ከተበከለ የጎርፍ ውሃ አጠገብ እየኖሩ ነው አለ። ዝናቡ ካባራ ወራት አልፈዋል።

ሁለቱም ዜናዎች እውነት ናቸው። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ስላለው ርቀት ነው። ገንዘቡ ከጄኔቫ አዳራሽ ተነስቶ በደቡብ ፓኪስታን በሲንድ ግዛት ቤቷ የፈረሰባት እናት ዘንድ ለመድረስ በምን በምን በኩል ያልፋል? የቱ ላይ ይቆማል? የቱስ በእርግጥ ደረሰ? (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውሃው ከየት መጣ

የ2022 ጸደይ በፓኪስታን እሳት ነበር። የሲንዷ ጃኮባባድ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት አየች። ከዚያ በጁን አጋማሽ የሞንሱን ዝናብ ገባና አልቆም አለ። በኦገስት ወር አገሪቱ ያገኘችው ዝናብ ከወትሮው በ243 በመቶ በለጠ። በሲንድ ግዛት ብልጫው 726 በመቶ ነበር፤ ከለመዱት ከስምንት እጥፍ በላይ ማለት ነው። በባሎችስታን ደግሞ 590 በመቶ። ፓዲዳን የምትባል የሲንድ ከተማ በአንድ ወር ብቻ ከ1,200 ሚሊ ሜትር በላይ ወረደባት።

የ2010ሩን ጎርፍ የሚያስታውስ ሰው ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርጎ ሊያስብ ይችላል። ልዩነት አላቸው። በ2010 አደጋው በዋናነት የመጣው በወንዙ ነው። ከሰሜን የተነሳው ውሃ በኢንደስ ወንዝ ሞልቶ ወደ ደቡብ ሲወርድ ሰው ቢያንስ ቀናት ቆጥሮ ሊጠብቀው ይችል ነበር። በ2022 ግን ሰማዩ በቀጥታ ሜዳው ላይ ፈሰሰ። ከምዕራብ በኩል ደግሞ የኪርታር ተራሮች ደራሽ ውሃ ታከለበት። ደቡባዊ ሲንድ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ አገር ነው። ውሃው ወዴትም አልሄድ አለ። ወንዙ እንዳይገባ ተብለው የተሠሩት ክትሮች፣ ከፍ ተደርገው የተሠሩት መንገዶችና የመስኖ ቦዮች ውሃውን ከውስጥ ዘግተው ያዙት። የመከላከያው ግንብ የጎርፉ ገንዳ ሆነ።

ኦገስት 25 ቀን መንግሥት ብሔራዊ የአደጋ ጊዜ አወጀ። በጎርፉ የተጎዳው ሕዝብ 33 ሚሊዮን ደረሰ። ከ1,700 በላይ ሰዎች ሞቱ። 8 ሚሊዮን ያህል ሰው ተፈናቀለ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ቤት ፈረሰ ወይም ተጎዳ። ከ1 ሚሊዮን በላይ ከብት አለቀ። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ብዙ ጊዜ በጥድፊያ ይታለፋል። ለሲንድ ገበሬ ጎሽ ወይም ፍየል የባንክ ደብተሩ ናት። ልጅ ሲታመም የምትሸጠው እሷ ናት። እሷ ከሄደች ቁጠባው ሁሉ አብሮ ሄደ።

ማንቻር እና ጆሂ

ሁለት ቦታዎች ላይ ልቆይ። ሁለቱም ሲንድ ውስጥ፣ ከኢንደስ በስተ ምዕራብ በኩል ናቸው።

ማንቻር በፓኪስታን ካሉት የጨው አልባ ውሃ ሐይቆች ትልቁ ነው። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ከአፉ ሞልቶ ክትሩን ሊያፈርስ ደረሰ። ቢፈርስ ሴህዋንንና በዙሪያዋ ያሉትን ሕዝብ የበዛባቸው ከተሞች ይውጣል። ባለሥልጣናቱ ክትሩን ራሳቸው ቀደዱት። ውሃው ሰው አነስ ወዳለበት ወደ ገጠሩ ተለቀቀ። ወደ 100,000 የሚጠጋ ሰው ከቀዬው ተነሳ። የከተማው ሕዝብ ሲተርፍ የገጠሩ ከፈለ። ውሳኔው ስህተት ነበር ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ከሁለት ክፉ ነገሮች አንዱን መምረጥ ነበር። ግን የተመረጠባቸው ሰዎች ካሳው ወረፋ ላይ ከፊት መሰለፍ አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

ጆሂ በዳዱ አውራጃ ያለች ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ ማንንም ሳይጠብቁ በከተማዋ ዙሪያ አፈር እየከመሩ ቀለበት የመሰለ ክትር ሠሩ። ውሃው ከአራቱም ማዕዘን ከበባት፤ ከተማዋ ግን እንደ ደሴት ቆመች። ስለ ዓለም አቀፍ እርዳታ ስንነጋገር የመጀመሪያው እርዳታ ሁልጊዜ የጎረቤት እጅ መሆኑን ጆሂ ታሳያለች። አውሮፕላኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

አውሮፕላኖቹ መጡ፤ ያውም በብዛት። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች፣ ቱርክ፣ ቻይና፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኳታር፣ ኡዝቤኪስታንና ሌሎችም ድንኳን፣ ምግብና መድኃኒት ጭነው ላኩ። ቱርክ በባቡርም ላከች። አሜሪካ ኦገስት 30 ቀን 30 ሚሊዮን ዶላር አሳወቀች፤ ከዚያም የጦር ኃይሏ የጭነት አውሮፕላኖች ቁሳቁስ ማመላለስ ጀመሩ። ብሪታንያ በትንሽ ጀምራ ወደ 15 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በኋላም ከዚያ በላይ ከፍ አደረገች።

የተባበሩት መንግሥታት በዚያው ኦገስት 30 ቀን የ160 ሚሊዮን ዶላር የአደጋ ጊዜ ጥሪ አቀረበ። ጉቴሬዝ ራሳቸው በሴፕቴምበር መጥተው አካባቢውን አዩ። ጥሪው በኦክቶበር መጀመሪያ ወደ 816 ሚሊዮን አደገ። በአምስት ሳምንት አምስት እጥፍ። መጀመሪያ ላይ የአደጋው ስፋት ገና አልታየም ነበር፤ ውሃው አልወርድ ሲል ደግሞ ወባ፣ ተቅማጥና የቆዳ በሽታ ተከተለ። የፓኪስታን የወባ ሕሙማን ቁጥር በዚያ ዓመት ከቀደመው ዓመት ወደ አምስት እጥፍ ማደጉን የዓለም ጤና ድርጅት መዝግቧል።

ጥሪው ምን ያህል ተሞላ? ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የተገኘው ሲሶ ያህል ብቻ ነበር። የተመድ ሰዎች የምግብ ገንዘቡ በጃንዋሪ ሊያልቅ ነው ብለው በይፋ አስጠነቀቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የአደጋ ጊዜ ጥሪ ላይ የሚሰጠው ገንዘብ በአብዛኛው የማይመለስ ነው። ልገሳ ነው። መጠኑ ከኋለኛው የጄኔቫ ቃል ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ ከአሥር አንዱንም አይሞላም። ያም ሆኖ ሲሶው ብቻ ተገኘ። ከአራት ወር በኋላ ግን ቢሊዮኖቹ በአንድ ቀን ቃል ተገቡ። ለምን? መልሱ የገንዘቡ ዓይነት ውስጥ ነው።

በመሃሉ ሌላም ጉዳይ ነበር። ኦገስት 29፣ አደጋው ከታወጀ ከአራት ቀን በኋላ፣ የዓለም የገንዘብ ድርጅት ቦርድ ለፓኪስታን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንዲለቀቅ ፈቀደ። ብዙ ሰው ይህን የጎርፍ እርዳታ መስሎት ነበር። አልነበረም። ከ2019 ጀምሮ የነበረ የብድር ፕሮግራም አካል ነው። መንግሥት በነዳጅና በመብራት ዋጋ ላይ ጭማሪ እንዲያደርግ ከጠየቁት ቅድመ ሁኔታዎች ጋር የመጣ። አገሪቱ ጎርፉ ሲመታት ቀድሞውኑ ዕዳ አጎብጧት ነበር። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይህ ነው። ሸሪፍ በዚያው ሴፕቴምበር ወዳጅ አገር ስንደውል እንኳ ለልመና የደወልን ይመስላቸዋል ሲሉ በምሬት ተናግረዋል። አንድ የአገር መሪ ይህን በአደባባይ ሲል ምን ያህል እንደከበደው ይገባኛል።

ጉዳቱ በዶላር ሲቆጠር

ኦክቶበር 28 ቀን የጉዳት ግምገማው ወጣ። ያዘጋጁት የፓኪስታን መንግሥት፣ የዓለም ባንክ፣ የእስያ ልማት ባንክ፣ የአውሮፓ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት በጋራ ናቸው። የወደመው ንብረት 14.9 ቢሊዮን ዶላር። የታጣው ገቢና ምርት 15.2 ቢሊዮን። መልሶ ለመገንባት የሚያስፈልገው ቢያንስ 16.3 ቢሊዮን። ከጠቅላላው ጉዳት ወደ 70 በመቶ የሚጠጋው ሲንድ ላይ ነው። ከ8.4 እስከ 9.1 ሚሊዮን ሰው ወደ ድህነት ሊገባ ይችላል ተብሎ ተገመተ።

ከ16.3 ቢሊዮኑ ግማሹን ፓኪስታን ከራሷ ካዝና ልታዋጣ፣ ግማሹን ከውጭ ልትፈልግ ወሰነች። ጄኔቫ የተጠየቀው 8 ቢሊዮን የመጣው ከዚህ ነው።

በግምገማውና በጄኔቫ መካከል፣ በኖቬምበር፣ ግብፅ ሻርም ኤል ሼክ ላይ የአየር ንብረት ጉባኤው ተካሄደ። በዚያ ዓመት «ቡድን 77ና ቻይና» የሚባለው የታዳጊ አገሮች ስብስብ ሊቀመንበር ፓኪስታን ነበረች። የአየር ንብረት ሚኒስትሯ ሼሪ ረህማን ጎርፉን ይዘው ተከራከሩ። ፓኪስታን ከዓለም የበካይ ጋዝ ልቀት ድርሻዋ ከ1 በመቶ በታች ነው። ሳይንቲስቶች ደግሞ በሲንድና በባሎችስታን የጣለውን የአምስት ቀን ከባድ ዝናብ የአየር ንብረት ለውጥ እስከ 50 በመቶ ሳያበረታው አልቀረም ብለዋል። ጉባኤው የአየር ንብረት ለውጥ በድሃ አገሮች ላይ ለሚያደርሰው ጉዳትና ኪሳራ የሚሆን ፈንድ እንዲቋቋም ተስማማ። ታሪካዊ ነበር። ለዚህ ጎርፍ ግን ሳንቲም አላመጣም፤ ፈንዱ ገና ባዶ ስም ነበር።

ጄኔቫ ላይ ማን ምን አለ

አሁን ወደ ዘጠኙ ቢሊዮን እንመለስ።

የእስላማዊ ልማት ባንክ በሦስት ዓመት 4.2 ቢሊዮን። የዓለም ባንክ 2 ቢሊዮን። የእስያ ልማት ባንክ 1.5 ቢሊዮን። የእስያ መሠረተ ልማት ኢንቨስትመንት ባንክ 1 ቢሊዮን። ሳዑዲ ዓረቢያ 1 ቢሊዮን። እነዚህ አምስቱ ብቻ ሲደመሩ 9.7 ቢሊዮን ይሆናሉ። ከዚህ በታች መንግሥታቱ አሉ፤ አሜሪካና ቻይና እያንዳንዳቸው 100 ሚሊዮን፣ የአውሮፓ ኅብረት 93 ሚሊዮን፣ ጀርመን 88 ሚሊዮን፣ ጃፓን 77 ሚሊዮን ዶላር። ፈረንሳይ ከእነዚህ ላቅ ያለ፣ 345 ሚሊዮን።

ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ማንበብ በቂ ነው። ግዙፎቹ ቁጥሮች የባንኮች ናቸው። ባንክ ደግሞ ያበድራል። ከስብሰባው በኋላ የጊዜው የፓኪስታን የፋይናንስ ሚኒስትር ኢስሃቅ ዳር ራሳቸው በግልጽ ተናገሩ፤ ቃል ከተገባው 90 በመቶ ያህሉ በሦስት ዓመት ውስጥ የሚለቀቅ የፕሮጀክት ብድር ነው አሉ። ከዚህም ከፊሉ አዲስ አልነበረም። የዓለም ባንክ 2 ቢሊዮን ያህል እንደሚያቀርብ ቀድሞ በሴፕቴምበር ተናግሮ ነበር።

ብድር ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። የልማት ባንኮች ብድር ወለዱ ዝቅ ያለ፣ የመክፈያ ጊዜውም ረጅም ነው። ድልድይና የውሃ ማፋሰሻ ለመሥራት ጥሩ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። የሚያሳዝነኝ ሁሉም በአንድ ሰልፍ «እርዳታ» ተብሎ መደመሩ ነው። ዜናውን የሰማ ሰው ዓለም 9 ቢሊዮን ዶላር ለፓኪስታን ሰጠ ብሎ ይተኛል። የሲንድ ገበሬ ልጅ ግን አድጎ ግብር ሲከፍል ያንን ገንዘብ ከነወለዱ ይመልሳል፤ ያውም እሱ ላልፈጠረው ሙቀት። ጉቴሬዝ በዚያው ስብሰባ ፓኪስታን ሁለት ጊዜ ተጎጂ ናት ብለው ነበር፤ አንድም በአየር ንብረቱ ቀውስ፣ አንድም በዓለም የፋይናንስ ሥርዓት። ከእሳቸው ጋር እስማማለሁ።

ሁለተኛው ችግር ጊዜው ነው። የፕሮጀክት ብድር እንደ ድንኳን ተጭኖ አይመጣም። ፕሮጀክት መቀረጽ አለበት። ጥናት፣ ጨረታ፣ የቦርድ ፈቃድ፣ ፊርማ፣ ከዚያ ሥራው በደረጃ ሲሠራ በደረጃ ክፍያ። በዚያው የጃንዋሪ ሳምንት የፓኪስታን ማዕከላዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ክምችት ወደ 4.3 ቢሊዮን ዶላር ወርዶ ነበር። የአንድ ወር ገቢ ንግድ እንኳ አይሸፍንም። ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር የነበረው ንግግርም ተንጓትቶ ነበር። ሕዝቡ 9 ቢሊዮን መጣ ሲባል ሰምቶ ገበያ ሲወጣ የዱቄትና የሽንኩርት ዋጋ ጣሪያ ነክቷል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የደረሰው ገንዘብ

ጨለማ ብቻ አይደለም። ሁለት ነገሮች በእርግጥ ሠርተዋል። ሁለቱም ከጄኔቫ ዜና ያነሰ ወሬ ነው የተወራላቸው።

የመጀመሪያው የቤናዚር የገቢ ድጋፍ ፕሮግራም ነው። ይህ ከ2008 ጀምሮ ለድሃ ቤተሰቦች ጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ የመንግሥት ተቋም ነው። ገንዘቡን የምትቀበለው የቤቱ ሴት ናት። ጎርፉ ሲመጣ ማን ድሃ እንደሆነና የት እንደሚኖር የሚያሳይ መዝገብ በእጁ ነበር። ስለዚህ አዲስ ምዝገባና ኮሚቴ ሳያስፈልግ ለእያንዳንዱ የተጎዳ ቤተሰብ 25,000 ሩፒ መስጠት ጀመረ። ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦች ወደ 70 ቢሊዮን ሩፒ የሚጠጋ ደረሳቸው። በጊዜው ምንዛሪ ለአንድ ቤተሰብ 110 ዶላር ገደማ። ትንሽ ነው፤ የፈረሰ ቤት አይሠራም፣ የሞተች ጎሽ አይተካም። ከፋዮች ከመሃል ይቆርጡብናል የሚል አቤቱታም ነበር። ግን ዱቄትና መድኃኒት ይገዛል፤ የደረሰውም ውሃው ገና ሳይጎድል ነው።

ሁለተኛው የሲንድ የቤት ግንባታ ነው። ዲሴምበር 2022 የዓለም ባንክ ለሲንድ ግዛት ወደ 1.7 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ብድር አጸደቀ። ከዚያ ውስጥ 500 ሚሊዮኑ ለቤት ነው። ሲንድ ውስጥ ይሠራሉ የተባሉት ቤቶች 2 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። አሠራሩን ልብ ብላችሁ እዩት። መንግሥት ተቋራጭ ቀጥሮ ቤት አይሠራም። ለቤተሰቡ 300,000 ሩፒ ይመደባል። ገንዘቡ በባንክ ሂሳብ በኩል በቀጥታ ይገባል፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን በየደረጃው። መሠረቱ ሲወጣ ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ ያያል፣ ቀጣዩ ክፍያ ይለቀቃል። ግድግዳው ሲነሳ እንደዚያው። ቤቱን የሚሠራው ባለቤቱ ነው።

ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። በ2005 ከሰሜኑ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ፓኪስታን ራሷ ለፈረሰ ቤት 175,000 ሩፒ በደረጃ እየከፈለች ሞክራዋለች። እዚህ ላይ ለፓኪስታን ሰዎች ያለኝ አክብሮት ከፍ ይላል፤ መፍትሔው በገዛ እጃቸው ነበር።

ከቤቱ በላይ ትኩረቴን የሳበው የመሬት ወረቀቱ ነው። በሲንድ ገጠር ብዙው ሰው ሃሪ ነው፤ የባለመሬት ጭሰኛ። ዘርና ማዳበሪያ ከባለመሬቱ ይበደራል፣ ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ነው። የሚኖርበት ጎጆ ያረፈበት መሬት የእሱ አይደለም። ጎርፉ ጎጆውን ሲወስድ «እዚህ ነበርኩ» ብሎ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። የሲንድ መንግሥት ከቤቱ ጋር የቦታውን ባለቤትነት መስጠት ጀመረ፤ በሴቷ ስም። ቤት በቀጣዩ ጎርፍ ሊፈርስ ይችላል። ወረቀቱ ግን አይሟሟም። ባል ቢሞት ወይም ቢሄድ እሷን ከዚያ የሚያስነሳ የለም። ከጠቅላላው የጎርፍ እርዳታ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ምረጥ ብባል ይህችን ወረቀት ነው የምመርጠው።

ልዩነቱ የለጋሹ ደግነት አይመስለኝም። የቤቱ ገንዘብም ከፊሉ ብድር ነው። ልዩነቱ መንገዱ ነው። ሁለቱም ቦታ ላይ ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ቧንቧው ተዘርግቶ ነበር፤ ወይ መዝገብ አለ፣ ወይ የተፈተነ ልምድ አለ። የሚቀበለው ሰው በስም ይታወቃል። የደረሰው ገንዘብም ይቆጠራል።

የውሃ ማፋሰሻው ነገር ግን እንዲህ አልቀለለም። የሲንድ ክትሮችና ቦዮች ላይ የሚነሳው ጥያቄ የውሃውን ተፈጥሯዊ መንገድ ዘግቶ የተሠራው የቱ ነው፣ የማንን መሬት አቋርጦ ይከፈት የሚል ነው። ይህን የውጭ ገንዘብ ብቻውን አይፈታውም። ኃይለኛ ባለመሬት አለ፣ አውራጃ ከአውራጃ ይጣላል። ማንቻር ላይ የታየው ምርጫ በየሜዳው በትንሽ በትንሹ አለ።

ሦስት ዓመት ቆይቶ

በ2025 ክረምት ጎርፉ ተመልሶ መጣ። በዚያ ዓመት ክፉኛ የተመታው የፑንጃብ ግዛት ነው። ሱትሌጅ፣ ራቪና ቼናብ ወንዞች አንድ ላይ ሞሉ። በመላ አገሪቱ በዚያ የዝናብ ወቅት ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ከቤቱ ወጣ።

በዚህ ጊዜ ኢስላማባድ እንደ 2022 ወዲያው ለዓለም ጥሪ አላቀረበችም። በቅድሚያ የራሳችንን አቅም እንጠቀማለን አለች። የፋይናንስ ሚኒስትሩ ሙሐመድ አውራንግዜብም የጄኔቫው ቃል ብዙው ወደ ገንዘብ ያልተቀየረበትን ምክንያት ሲናገሩ ጣታቸውን ወደ ውጭ አልቀሰሩም። ገንዘብ የሚያወጡ ብቁ ፕሮጀክቶችን አዘጋጅተን ማቅረብ አልቻልንም አሉ።